ጥላሸት ያልነካው ጋሻ

አንዲት ሴት ከአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ ትኖር ነበር። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ሰው ይዞት የሚሄደውን ዕቃ ማበርታት ነው። ሰይፍ ያመጡላታል፣ ጋሻ ያመጡላታል፣ ጫማ ያመጡላታል፤ እሷ ኃይል ታሳድርበታለች። ባለቤቱ ይዞት ወደ ተራራው ይወጣል። እሷ እዚያው ትቀራለች።

ቆዩ። ኃይል ማሳደር ስል ፊታቸው የተለዋወጠ እናቶች አየሁ። «ዛሬ ደግሞ ወንጌላዊው አስማት ሊያስተምረን ነው» እያላችሁ ነው። አይደለም እናቶቼ። ስለ ሌባ የሚነግራችሁ ሰው ስረቁ ማለቱ አይደለም። ይህ ጨዋታ ነው። ወጣቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከመዝሙር ልምምድ በኋላ ጠረጴዛ ከበው ይጫወቱታል። አንዱ ጦረኛ ይሆናል፣ አንዱ አዳኝ ይሆናል፤ ታሪኩን በየተራ እየተናገሩ አብረው ይሠሩታል። አገሩም፣ ተራራውም፣ ዘንዶውም የፈጠራ ነው።

ሊከሷቸው የመጡ ወላጆች ስለነበሩ፣ ሳላይ አልፈርድም ብዬ ሄጄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ምን አየሁ? ሁሉም ሰይፍ መያዝ ይፈልጋል። ያቺን ሴት መሆን የፈለገ ግን አንድም ሰው የለም። ስም እንኳን አላወጡላትም። ማን ትባላለች ብላቸው ተሳሳቁ። ለምን? ተራራ አትወጣማ! አይዘፈንላትማ!

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣችም። ስሙኝ።

ይህች ሴት ሥርዓት አላት። ጋሻውን በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች። ባለቤቱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ ሆነው ሁለቱም መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። «ምን ያስፈራሃል?»

ልብ በሉ፤ ጉልበትህ እንዴት ነው አትልም። ስንት ጣልህ አትልም። ምን ያስፈራሃል ነው የምትለው። ሰውየው የሚያስፈራውን ሲናገር ኃይሉ ወደዚያ ይሄዳል። እሳት ካለ፣ ጋሻው እሳት ይመክትለታል። ጨለማ ካለ፣ ያበራለታል። ውሸት ከተናገረስ? ኃይሉ ውሸቱን ሲጠብቅ ይኖራል፤ ሰውየው ባዶውን ይሄዳል። ደግሞ መልሱ ተነግሮ ኃይሉ እስኪያድር ከሁለቱ አንዱ እጁን ካነሳ፣ አለቀ። ጋሻው ተራ ቆዳ ሆኖ ይቀራል።

በዚያ አገር ውሃ የሚወርደው ከተራራው ነው። እሳት የሚተፋ ዘንዶ መጥቶ ምንጩ ላይ ተኛበት፤ ወንዙ ደረቀ። በመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ሊዋጉት ወጡ። አንደኛው የዚያች ሴት ታናሽ ወንድም ነው፤ አጥናፉ እንበለው። ሁለተኛው የአጥናፉ ጓደኛ ነው፤ ወጣቶቹ ያወጡለት ስም ምላሴን ስለሚያስቸግረኝ ቢያድግልኝ እለዋለሁ። ሁለቱም ሲጠየቁ እሳት ነው የሚያስፈራን አሉ። ሁለቱም ጋሻቸውን ይዘው ወጡ። የተመለሰው ቢያድግልኝ ብቻ ነው።

ጎን ለጎን ሆነን ስንዋጋ ቋጥኝ ተንዶ ወሰደው ብሎ ተናገረ። ሰው አመነው። ለሟቹ ተለቀሰ፣ ለተመለሰው ተዘፈነ። የአጥናፉ እህት ግን የቢያድግልኝን ጋሻ ተቀብላ አየችው። እሳት እንዲመክት ኃይል ያሳደረችበት ጋሻ አይቃጠል እንጂ ጥላሸት ይነካዋል። ገልብጣ አየችው። ጥላሸት የለበትም። አሸተተችው፤ ጭስ ጭስ አይልም። እንዳስረከበችው ነው የተመለሰው። ምን ትበል? ተራራ ላይ አልነበረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ድርቁ ጠናና ከብቱ ማለቅ ጀመረ። ሰው ጓዙን እየጫነ አገሩን ይለቅ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ዳግመኛ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ፈለጉ። ማንን የመረጡ ይመስላችኋል? ያው አንድ ጊዜ ወጥቶ የተመለሰውን ነዋ! ቢያድግልኝ እንዴት እንቢ ይበል? እንቢ ቢል ለምን ይሉታል። ውሸት እንዲህ ነው የሚያደርገው። የሚያሳፍራችሁን ቀን ያሻግራችሁና ኋላ ወደማትፈልጉት ተራራ እየነዳ ይወስዳችኋል።

እየተፎከረለት ወደ ሴትዮዋ ደጅ መጣ። ጋሻው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም እጃቸውን አሳረፉ። ጠየቀችው። ደረቱን ነፍቶ፣ ከፈጣሪ በቀር የሚያስፈራኝ ነገር የለም አለ። ሕዝቡ እልል አለ። እናንተም አሁን አሜን ልትሉ ነበር፤ አይቻችኋለሁ። እሷ ግን እጇን አነሳች።

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ጠየቀችው። እሳት አለ። አሁንም እጇን አነሳች።

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ፣ አገር እያለቀ ምን ትመረምሪዋለሽ፣ ሥራሽን ሥሪ አላት። ሌላው፣ የእሷ ወንድም ሞቶ እሱ ስለተረፈ ቀንታ ነው አለ። ቤቷን እናቃጥላለን ያለም ነበር። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ባዶ ጋሻ ሰጥቼ ሁለተኛ ሰው አልቀብርም፣ ቤቱን ከፈለጋችሁ አቃጥሉት አለቻቸው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጥታ በሩን ዘጋች። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«የፊተኛውን ጋሻህን አይቼዋለሁ» አለችው። «ጥላሸት አልነካውም። እሳቱ ዘንድ አልደረስክም። ስለዚህ የሚያስፈራህ እሳት አይደለም። እጅህን አሳርፍ።»

አሳረፈ። አንገቱን ደፋ።

«መሸሼን ነው የምፈራው፣ እትዬ» አለ። «ገና የዘንዶውን ድምፅ ስሰማ ዞሬ ሮጥኩ። አጥናፉ በስሜ እየጠራኝ ነበር። ቋጥኝ የሚባል ነገር አልነበረም።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙ። ያቺ ሴት አሁን ምን ማድረግ ትችላለች? እጇን ማንሳት ትችላለች። ሰይፍ መምዘዝ አያስፈልጋት፣ መጮህ አያስፈልጋት። እጇን ብቻ ብታነሳ ጋሻው ባዶ ይሆናል፤ ሰውየው ይወጣል፤ አይመለስም። የወንድሟ ደም ተመለሰ ማለት ነው። ማንም አያውቅባትም። ብታደርገው ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድባትም። ታናሽ ወንድሟ እኮ ነው! እየተጣራ ነው የሞተው!

አለቀሰች። ጋሻው ላይ ያለው መዳፏ ተንቀጠቀጠ። ቢያድግልኝ እንባዋን ማየት አቃተው፤ እጁን ሊሰበስብ ሲል ተናገረች።

«እጅህን አታንሳ» አለችው። «እኔም አላነሳም።»

ያን ጋሻ ይዞ ወጣ። ልብ በሉ፤ ጋሻው አሁን እሳት አይመክትም። ኃይሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እሳቱ ሲመጣ ቆዳው ተቃጠለ፣ ክንዱም ተቃጠለ። ሊዞር ባሰበ ቁጥር ግን ጋሻው ክንዱን ወደ ፊት ይዞት ይሄዳል። ፈሪ ነበር፣ እየፈራ ሄደ፣ እየፈራ ተዋጋ።

ከእሱ በፊት ውሃው ደረሰ። ሕዝቡ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ሲያይ እየጨፈረ ሊቀበለው ወጣ። እሱ ግን ዘፈኑን አስቆመና አጥናፉን ጥሎት እንደሸሸ በሁሉም ፊት ተናገረ። መሬት ላይ ምራቁን የተፋም ነበር። ቢያድግልኝ በመካከላቸው አልፎ ወደ ሴትዮዋ ደጅ ሄደና ከጋሻው የተረፈውን ሰጣት። ተቀበለችው። በጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷን ጥላሸት በጥላሸት አደረገው።

«ግባ» አለችው። «ቁስልህን ልጠብልህ። ውሃ አለ።»

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በየእሁዱ የጸሎት ርዕስ ያላችሁ እንላለን። ምን ትሰጡናላችሁ? ለሥራዬ ጸልዩልኝ። ለመንገዴ ጸልዩልኝ። ጥሩ፣ እንጸልያለን። ግን የሚያስፈራችሁ እሱ ነው? ባልና ሚስት አንድ ቤት ውስጥ ሳትነጋገሩ ከርማችሁ ለልጆቻችን ፈተና ጸልዩልን ትሉናላችሁ። መጠጥ ያሸነፈህ ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ለጉንፋኔ ጸልዩልኝ ትላለህ። እንጸልይልሃለን፤ ጉንፋኑ ይለቅሃል። አንተስ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለም እንዴ አባቶቻችን? ለሌላው ስትመክሩ ትጠቅሱታላችሁ። እዚህ ስትመጡ ግን ታጥቦ የተወለወለ ጋሻ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። እግዚአብሔርን እኮ ጥላሸት አያስደነግጠውም። ምን እንደሆንክ ንገረው። መሸሼን ነው የምፈራው በለው። ከዚያ ውጣና አይሃለሁ!

ዛሬ ግን ከቢያድግልኝ ይልቅ ስለዚያች ስም የለሽ ሴት ልለምናችሁ ነው የቆምኩት። ሰይፍ መያዝ የሚፈልግ ሞልቶናል። እዚህ መድረክ ላይ ለመቆም ወረፋ አለ። ያጣነው ከታች ሆኖ ሌላውን የሚያበረታ ሰው ነው። ምን ያስፈራሃል ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱ ራሱን ሲያቆስለው ደግሞ እጁን የማያነሳ ሰው ነው ያጣነው።

ሰው እውነቱን የማይነግረን ለምን ይመስላችኋል? አንድ ጊዜ ነግሮን አይቶናላ! ነገረን፤ እጃችንን አነሳን። ነገረን፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። እህቴ፣ ባልሽ ከሥራ የተባረረበትን እውነተኛ ምክንያት በነገረሽ ቀን እጅሽ የት ነበር? አንተስ ወንድሜ፣ ልጅህ አባዬ አጥፍቻለሁ ብላ እግርህ ላይ በወደቀች ቀን? እጃችሁን አንስታችሁ ስታበቁ ይህ ሰው ለምን አልበረታም ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በምን ይበርታ? ባዶውን ልካችሁት!

ሲነግሯችሁ ያማል። አያምም አልላችሁም። ያቺ ሴት እያለቀሰች ነው እጇን ያቆየችው። እጇን ባታቆይ ግን ቢያድግልኝም ይሞታል፣ ውሃውም አይወርድም፣ እሷም እዚያው በጥማት ትሞታለች። ይህን አስቡት። ይቅር ያላላችሁት ሰው የሚያመጣው ውሃ የእናንተም ውሃ ነው።

በሉ ተነሱ፤ እንጸልይ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እጅ ያዙ። ሁላችሁም። እዚያ ኋላ በመስኮቱ በኩል ያላችሁት ሁለታችሁ ለምን እንደማትያያዙ እኔም አውቃለሁ፣ ጉባኤውም ያውቃል። መካከላችሁ ያለውን ባዶ ወንበር ወደ ጎን አድርጉትና ተጠጉ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም ምንም አይደል።

አልቸኩልም። እናንተ ሳትያያዙ እኔ ጸሎቱን አልጀምርም።