የጋሽ ሽመክት ዋንጫዎች

ጋሽ ሽመክት የሰፈሩን ግማሽ ቤት የሚያከራዩ ሰው ናቸው። አመሻሽ ላይ ከቤቶቻቸው አንዱን ተከራይታ ፕሌይስቴሽን ወደምታጫውት አንዲት ምላሰኛ ሴት ጎራ ይሉና ከተከራዮቻቸው ጋር ኳስ ይጫወታሉ። ታዲያ ተሸንፈው አያውቁም።

አንድ ቀን መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ፣ ማሽኑ ላይ ሴቭ የተደረገው ጨዋታቸው ተበላሽቶ ተገኘ። የሰበሰቡት ዋንጫ ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

ጋሽ ሽመክት በከዘራቸው ወለሉን እየደበደቡ፣ «ስንቱን ጎረምሳ አንበርክኬ ያገኘሁት ዋንጫ ነው! እስከ ነገ ካልመለስሽልኝ ቤቴን ለቀሽ ትወጫለሽ!» ብለው ጮኹ።

ተከራዮቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፉ። ሴትየዋ ግን ጆይስቲኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው።

«ኧረ አይዞዎት ጋሼ፣ ምንም አልጠፋብዎትም» አለች። «ዋንጫዎ ድሮም ማሽኑ ውስጥ አልነበረም፣ እኛ ጋ ነው ያለው። አረፍ ይበሉ፣ ዛሬውኑ እንደገና መሸነፍ እንጀምርልዎታለን። ካስወጡኝ ግን፣ ማሽኑን ይዤ የምሄድበት ሰፈር አንድም ተከራይ የለዎትም።»