ጎተራ የገባችው ሳጥን

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ኮረብታ ላይ ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት ናት፤ ውድነሽ ይሏታል።

አንድ ቀን ባለሙያዎች መጡና ግቢዋ ካለው ምሰሶ ላይ መዳፍ የምታክል ሳጥን ሰቀሉ። «እትዬ፣ ከላይ ወንዙ ውስጥ መለኪያ አለ። ውሃው ሲሞላ ለዚህች ሳጥን ይነግራታል፤ እሷም ታች መንደር ላለው ማስጠንቀቂያ ታቀብላለች። በቀን የምትቃርመው ፀሐይ ይበቃታል። ጉልበቷ ግን ትንሽ ስለሆነ፣ ያለ እርስዎ ግቢ መልእክቱ ኮረብታውን አይሻገርም» አሏት።

«ለእኔስ ምን ትጠቅመኛለች?»

«ለእርስዎ እንኳ ምንም። ጎርፍ እዚህ አይደርስም።»

ሳቀችና ፈቀደች። ግን ታች መንደር ማን አለ? ይርዳው አለ። የባሏ ወንድም፣ ለወንድሙ ለቅሶ እንኳ ያልደረሰ! እያደር ነገሩ ከነከናት። «የእሱን ቤት ጠባቂ እኔ ነኝ?» አለችና ሳጥኗን አውርዳ ጎተራ ውስጥ ከተተቻት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ዘንድ ፀሐይ ነው። ከላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፤ ተራራው ያጓራል። ወደ ታች ብታይ የይርዳው ልጆች ወንዙ ዳር ልብስ ያሰጣሉ። ብትጮህ ማን ይሰማታል?

ሮጠች! ነጠላዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ሳጥኗን ከጎተራ አውጥታ፣ በመቀነቷ ከምሰሶው ጋር ጠፍራ አሰረቻት። ምንም የለም። «ኧረ ተናገሪ፣ አንቺ!» አለቻት። ሳጥኗ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ደገመች። ከዚያማ፣ ወገኖቼ፣ የማስጠንቀቂያው ጩኸት መንደሩን አናወጠው! ሕፃን ታዘለ፣ ሽማግሌ ተደገፈ፣ ከብት ተነዳ። ወንዙ ግንድ እያንከባለለ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ቤት ነው! ውድነሽ ብቻዋን ቆማ እልል አለች።

ይርዳው እስከ ወገቡ ርሶ፣ ልጆቹን አስከትሎ ኮረብታውን ወጣ። «አንድ ሰው አልጎደለም! አንድም! ያንቺ ሳጥን ናት አሉኝ።»

«ሦስት ቀን ጎተራ ከትቻት ነበር» አለችው። «በአንተ ተቀይሜ።»

ይርዳው ልጆቹን አየ። «ዛሬ ግን አውጥተሻታል» አላት።

ወገኖቼ፣ ውሃውን ያቆመችው እሷ ናት? አይደለችም። መልእክቱስ የእሷ ነበር? አልነበረም። እንዲያልፍ ብቻ ፈቀደች።

እናንተስ ዘንድ ደርሶ የቆመ ምን አለ? እናቱ መታመሟን ሰምታችሁ ለተኳረፋችሁት ወዳጅ ያልነገራችሁት? ሥራ መኖሩን አውቃችሁ ለማትወዱት ጎረቤት የደበቃችሁት? ከእናንተ ወዲያ ስንት ቤት አለ! «ይገባዋል ወይ?» እያላችሁ አትመዝኑት። ዛሬውኑ፣ ቤታችሁ ሳትገቡ፣ በሩን አንኳኩና ንገሩት!