ጠቅ የሚለው መሪ

በእኛ ቤት ደጋግሞ የሚነገር አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። አባባሉን አገር ያውቀዋል፤ መነሻውንም ሌላው ሌላ ይለው ይሆናል። እኛ ቤት የገባው ግን በመኪና ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ሻይ ጠጣሁ፤ ያረምኳቸውን ደብተሮች ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፤ የመኪናዋን መስታወት ወልውዬ ሞተሯን አስነሣሁ። ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስታጠፍ መሪው ጠቅ አለ። መሪውን አቀናሁ፤ ዝም አለ። ደግሜ ዞርኩ፤ ደግሞ ጠቅ አለ።

በዚያው ሳምንት እሑድ የባለቤቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነበር። እናቱን እማማ አስካለን ይዤ ከደሴ ወደ ሐይቅ የምወርደው እኔ ነኝ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በማይታመን መሪ አሮጊት ተይዞ አይኬድበትም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የመሪው ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው አለኝ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ነገሩን በደሴ ብርድ አሳበበ። የሒሳብ መምህሩ አብሮኝ ተሳፍሮ ድምፁን በሰዓት ከለካ በኋላ፣ በየአሥራ አንድ ሴኮንዱ እንደሚያንኳኳ ደርሶበት ወረደ።

ረቡዕ ሠላሳ ዓመት መኪና የፈታው መካኒክ ኑረዲን ዘንድ ወሰድኳት። ቁልፍ ሰጠሁት። ነድቶ ተመለሰና ምንም አልሰማሁም አለ። ወደ ቤቴ ስመለስ ጠቅ አለች። ሐሙስ መልሼ ወሰድኳት፤ ኩሽኔታውን ለወጠ፣ ነዳ፣ አልሰማም። ዓርብም እንደዚያው ሆነ።

«መምህርት፣ ይህች መኪና እኔ ዘንድ ስትመጣ ጨዋ ናት» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የምትናገረው ለእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎ ሲነዷት ከእኔ የሚለይ ነገር አለ?»

«የለም» አልኩት።

ትዝ አላለኝም ማለት አልችልም። የሰጠሁት ቁልፍ ብቻዋን የምትቀመጠዋ ትርፍ ቁልፍ ነበረች። እኔ የምነዳው በባለቤቴ ቁልፎች ነው፤ በአንድ ቀለበት ሰባት ናቸው። ጋራዥ በር ላይ ስደርስ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታቸዋለሁ። የስድስቱ በር የት እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ሰው እንዲጠይቀኝም አልፈልግም ነበር።

ኑረዲን እንግዲያው የመሪው ዘንግ ከነሥሩ ይፈታ፣ ሳምንት ይፈጃል አለ። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሐይቅ በአውቶቡስ እንወርዳለን ብዬ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ላስረክብ ስሄድ እማማ አስካለ አብሬ ልይ ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ካልጮኹላቸው አይሰሙም፤ ጠቅታውንም አልሰሙም። ዓይናቸው ግን ደህና ነው። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ እጃቸውን ሰደው ከመሪው ሥር የሚወዛወዙትን ቁልፎች ጨበጡ።

ዞርኩ። መሪው ዝም አለ።

«ፕላስቲኩን ሲደበድቡ አታዪም?» አሉኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ገለጧቸው። ትንሿ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይቺ የሳጥኔ ናት። ተማሪ ሳለ ይዟት ጠፍቶ ሳጥኑን በመጥረቢያ ነው የከፈትነው።»

 ጋራዡ በር ላይ የመኪናዋን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቼ ቀሪዎቹን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯቸው።

ኑረዲን መፍቻውን ይዞ ወጣ። የሆነውን ነገርኩት፤ ረቡዕ የትኛዋን ቁልፍ እንደሰጠሁትም ጨምሬ። መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ከተተና ኩሽኔታው ለማንኛውም አርጅቶ ነበር አለ።

እሑድ ሐይቅ ወረድን። ከዚያ ወዲህ ስታጠፍ የሚሰማ ነገር የለም።

ያን ቅዳሜ ግን ኑረዲን በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ እማማም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን እንዳልነገርኩት ሲጠይቀኝ፣ መልሱን የሰጡት እማማ አስካለ ነበሩ፦ «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»