ፍልፈል የሰማችው ኮቴ

አንድ ጊዜ፣ የደጋ እንስሳት የገና ጨዋታ ከሚጫወቱበት ሰፊ መስክ ሥር አንዲት ፍልፈል ትኖር ነበር። ዓይኗ ብዙም አያይም፤ ጆሮዋን ግን ለጠላት አይስጥ። ከጣሪያዋ በላይ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደሮጠ፣ ማን እንዳነከሰ ከኮቴው ትለያለች። አንድ ነገር ካልገባት ደግሞ እህል ከጉሮሮዋ አይወርድም።

የደጋ እንስሳት በየዓመቱ የሚገጥሙት ከቆላ ከርከሮዎች ጋር ነው። ከቆዳ የተሰፋችውን ኳስ፣ ሩርን፣ እየተሻሙ ሲጫወቱ ይውላሉ። ያሸነፈ ወገን መስኩን እስከ ክረምት ይይዛል፤ እኩል ከወጡ መስኩ ለደጋዎቹ ይቀራል። ከርከሮ መስክ ያዘ ማለት በአፍንጫው እየማሰ ሥሩን ገለበጠው ማለት ስለሆነ፣ ለፍልፈል ጨዋታው የቤት ጉዳይ ነበር።

ጉብታ ላይ ወጥቶ ጨዋታውን ለሕዝብ የሚያሰማው ቀበሮ ነው። ቀበሮ አፈ ቅቤ ነው፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ስም ብቻ፣ የደጋዎቹን አለቃ የአንበሳን ስም፣ ይጠራል። አንበሳ ተነሣ፣ አንበሳ መታ፣ አንበሳ አገባ። ጨዋታ በሌለበት ቀን እንኳ አንበሳ ምን በልቶ እንዳደረና በየትኛው ጎኑ እንደተኛ ያወራል፤ ሰሚም አያጣም።

ፍልፈልን ግራ ያጋባት ይኸው ነው። ቀበሮ የሚጠራው አንድ ተጫዋች፣ ጣሪያዋን የሚረግጠው ግን ስንት ኮቴ! ከሁሉም አንዱ ኮቴ ልቧን ሰቅሎት ነበር። አጭር ነው፣ ደረቅ ነው፣ የኋላ ግራ እግሩን ጥቂት ይጎትታል። እየሮጠ እስከ መስኩ ጥግ ይመጣና ቀጥ ይላል፤ ወዲያው ጧ የሚል ርግጫ ይሰማል። አንበሳ የሚያገሳው፣ ሕዝቡም የሚያብደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሆኖ የቀረ ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

አንድ ጠዋት ከጉድጓዷ ብቅ አለችና ቀበሮን ጠየቀችው።

«አያ ቀበሮ፣ ያ ከአንበሳ በፊት የሚሮጠው የማን እግር ነው?»

«የምን እግር? ያለው አንበሳ ነው፤ ሌላው አቧራ ነው።»

«አቧራ ያነክሳል እንዴ?»

ቀበሮ ሳቀ። «ስሚ፣ የአንበሳን ስም ስጠራ አጥንት ይወረወርልኛል። የሌላውን ብጠራ ምን አገኛለሁ? የሚወራው ሰሚ ያለው ወሬ ነው።»

ይህን ጅብ ሰማ። ከንግግሩ ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረችው «አጥንት» የምትለዋ ብቻ ናት። ተጫዋች ሁሉ አጥንት የሚወረወርለት መሰለውና አንበሳ ዘንድ ሄዶ ካልተጫወትኩ ብሎ ነዘነዘ። ቦታ የለም ሲሉት፣ ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ አንዱ ይውጣልኝ አለ። አንበሳ ይህ ማን እንደሆነ ቀበሮን ጠየቀ። ቀበሮ ከአንበሳ ሌላ ማንንም አይቶ አያውቅምና አጠገቡ የቆመውን አህያ ጠቆመ። አንበሳም ሩሯን እንጂ ያመጣለትን ቀና ብሎ አይቶ ስለማያውቅ ይሁን አለ።

አህያ አልተከራከረም። እግሩን እየጎተተ ሄዶ ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ተኛ። ፍልፈል ኮቴውን ስትሰማ ደንግጣ ወጣች።

«አንተ ነህ ለካ» አለችው። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ስሜን ስላልሰማሁ፣ መጫወቴን እኔም እየተጠራጠርኩ ነው» አለ አህያ።

ፍልፈል በጣም አዘነች።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ጅብ የአህያን ቦታ ይዞ ጥጉ ላይ ቆመ። የመጀመሪያዋ ሩር ስትደርሰው አሸተታት፤ ቆዳ ናት። ይዟት ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ አደረጋት። ሩሯስ ብለው ቢጠይቁት ትንሽ ጨው ይጎድላታል አለ። በዚህ መሐል ከርከሮዎች ሁለት ግብ አገቡ። ቀበሮ ግን ከጉብታው ላይ ሆኖ አንበሳ ጎፈሩን እንዴት እንዳራገፈ ያወራል።

ፍልፈል ከሥር ሆና ያንን የሚያነክስ ኮቴ ብትጠብቅ ብትጠብቅ የለም። ከርከሮዎች በደስታ ሲዘሉ የጣሪያዋ አፈር ራሷ ላይ ረገፈ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። በጠራራ ፀሐይ ዓይኗን ጨፍና ወጣችና መስኩ መሐል ቆመች። ጨዋታውም ቆመ።

«ጌታዬ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ሩሯን የሚያመጣልዎ ማን ነበር?»

ቀበሮ ጣልቃ ሊገባ አፉን ሲከፍት አንበሳ በዓይኑ ዝም አሰኘው። ከዚያ ወደ እግሩ ሥር ተመለከተ።

«አላውቅም» አለ። «ሁልጊዜ እግሬ ሥር ነው የማገኛት። መስኩ የሚሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።»

«የምኖረው መስኩ ሥር ነው፤ መስኩ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር» አለች ፍልፈል። «አህያ ነው።»

አንበሳ አፈረ፤ ማፈሩንም አልደበቀም። በእግሩ ሄዶ አህያን ይቅርታ ጠይቆ አመጣው። ጅብ ውጣ ሲባል አልከፋውም፤ ጠግቦ ነበር። አንበሳ ቀበሮን ደግሞ ከጉብታው አውርዶ ጆሮውን መሬት ላይ አስደፋውና፣ ከእንግዲህ በዚህ ሰምተህ ታወራለህ አለው። ፍልፈልም ኮቴ ልታስለየው አጠገቡ ተቀመጠች።

ጨዋታው ቀጠለ። ያ የሚያነክስ ኮቴ ወደ ጥጉ ሮጠ፣ ቆመ፣ ጧ አደረገ፤ አንበሳም አገባ። ቀበሮ ምላሱ ለምዶበት «አንበሳ፣ አንበሳ» ሲል ፍልፈል ጎሸም አደረገችው። ሁለተኛዋም ግብ እንዲሁ ሆነች፤ እንዲሁም ጎሸመችው። ሁለት ለሁለት ሆኑ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመጨረሻዋ ሩር ከአህያ እግር ሥር ገባች። ቀበሮ ጆሮውን አጥብቆ ደፋና እየተንተባተበ ተናገረ።

«ይኼ... አህያ ነው። አህያ ይዟታል፤ አህያ እየመጣ ነው።»

አህያ ቀጥ አለ። ጆሮዎቹ ቆሙ። ሌላ አህያ ያለ ይመስል ግራ ቀኙን አየ። እሱ ሲያዳምጥ ሩሯ በእግሮቹ መሐል አልፋ ከመስኩ ወጣች፤ ፀሐይም ጠለቀች፤ ጨዋታው በእኩል አለቀ።

ሁሉም ፈርቶ ወደ አንበሳ ዞረ። አንበሳ ግን ይስቅ ነበር።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ። «ተዉት፣ ይስማው። ብዙ ዓመት ጠብቆታል።»

የከርከሮዎቹም አለቃ ቀረብ ብሎ አህያን በትከሻው ገፋ አደረገውና፣ ለከርሞ ስትጠራ እየሮጥክ ስማ አለው። መስኩ ለደጋዎቹ ቀረ። ፍልፈል ቤቷ ገብታ የረገፈውን አፈር ስትጠርግ ያ ኮቴ ከጣሪያዋ በላይ አለፈ። ዛሬም ያነክሳል፤ እርምጃው ግን ቀሎት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ግብ ያገባውን ስናወድስ ኳሷን ማን እንዳመጣለት ብንጠይቅ የጀግናው ክብር እንደማይጎድል፣ ካልጠየቅን ግን መስኩን ራሱን ልናጣው እንደምንችል ነው።