የማውስ ፓድ በማዕረግ

የማውስ ፓድ ስፋት የሚመረጠው በጠረጴዛው ነው ትላላችሁ ወይስ በባለጠረጴዛው ማዕረግ? በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የተሾሙት ዳይሬክተር አቶ ዘለለው በማዕረግ ነው ብለው ወሰኑ። ኮምፒውተራቸውን እምብዛም የማይነኩት እሳቸው ጠረጴዛቸውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ፓድ ወሰዱ። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤያቸውን ለምትጽፈው ጸሐፊ ግን መዳፍ የምታህል ደረሳት። ማውሷ በየደቂቃው ከፓዱ እየወጣ ቢያስቸግራት፣ እንዲለወጥላት ማመልከቻ አስገባች።

አቶ ዘለለው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው መሀል አቆሟት።

«እስቲ በሰው ፊት ንገሪኝ፤ ትልቁ ፓድ የሚገባው ለማን ነው? ለእኔ ካልሽ ማመልከቻሽን ቅደጂ። ለራስሽ ካልሽ ከዳይሬክተር በላይ ሆነሻልና ሥራሽን ልቀቂ።»

ሠራተኛው ሁሉ አቀረቀረ።

«ለእርስዎ ነው እንጂ፣ ጌታዬ» አለችና ማመልከቻዋን ቀደደችው። «ፓድ የሚመረጠው በላዩ በሚያርፈው ነገር ልክ ነው። በእኔ ፓድ ላይ የሚያርፈው አንድ እጅ ነው። በእርስዎ ፓድ ላይ ግን ከምሳ በኋላ ሁለት ክንድና አንድ ራስ ያርፋል። እኔ ደግሞ የሰው ትራስ አልቀማም።»

ያቀረቀረው ሁሉ ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ወዲህ አቶ ዘለለው ፓዱ ላይ ክርናቸውን ማሳረፍ እንኳ አፈሩ። በሳምንቱ ፓዱን በንብረት ክፍል ኃላፊው እጅ ላኩላት።

«እሳቸውም በድለውሻል፤ እኛም ዝም ብለን አይተናል» አላት ኃላፊው። «ሁላችንንም ይቅር በይን፣ እህቴ።»

ፓዱን በጠረጴዛዋ ልክ በመቀስ ቆረጠችና ትራፊውን መልሳ ሰጠችው።

«ፓዱን ተቀብያለሁ» አለችው። «ይቅር ግን ማንንም አልልም።»