የጃርት ድንችና እሾህ

ተረት ተረት፤ ስሙ ስለ ጃርት።

ጃርት ከዝንጀሮ ማሳ ድንች ሰርቃ ተያዘችና አንበሳ "የሰረቀችው ድንች ይወረስ" ብሎ ፈረደባት። ሊወርስ የተላከው ጅብ ድንቹን ከጉድጓዷ ጠራርጎ ካወጣ በኋላ ዓይኑ እሾኋ ላይ አረፈ።

"ይሄንንም አምጪ!"

የጃርት ደም ፈላ። "ድንቹን ሰርቄያለሁ፣ ውሰድ። እሾሄ ግን ከገላዬ የበቀለ ነው፤ ፍርዱ ላይም የለም!"

"የተፈረደበት ሌባ ደግሞ ምን መብት አለው?" ብሎ በጥርሱ ሊነቅል ተጠጋ።

ጃርት ጀርባዋን ሰጠችው።

ጅብ እያላዘነ ችሎት ቀረበ። "ጌታዬ፣ ወጋችኝ!"

አንበሳ በጅብ አፍንጫ ላይ የተሰካካውን እሾህ አተኩሮ አየና "ድንች አምጣ አልኩህ እንጂ እሾህ አምጣ አልኩህ?" አለው።

ይሄኔ ጃርት ከኋላ ደረቷን ነፍታ ገባች። "ጌታዬ፣ ያለ ፍርድ የተወሰደብኝ ንብረቴ ይመለስልኝ! እኔው ራሴ አንድ በአንድ ልንቀለው!"

ተረቴን መልሱ፤ የጃርቷንም እሾህ አትርሱ።