የሥራ አስኪያጁ ቀስቶች

የአንዲት ከተማ የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ዘርጋው፣ የየቅርንጫፉን ኮምፒውተሮች በኔትወርክ አገናኝተው፣ ሥራ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አሠርተው ቢሯቸው ውስጥ ሰቀሉ። የመጣውን ሰው ሁሉ ሥዕሉን ሳያስጎበኙ አይለቁም ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ምላሰኛ ፀጉር ሠሪ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ እየሮጠች ገባች።

«ጌታዬ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቴ ኩሬ ሆኗል! ፍራሼ እየዋኘ ነው!»

አቶ ዘርጋው ቀስቶቹን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «አቤቱታሽ ከዚህ ኮምፒውተር ወደ ቅርንጫፉ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ጥገና ክፍል፣ ከዚያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ በመጨረሻ ለፈቃድ ወደ እኔ ይመለሳል። ሁሉም ተራውን ይጠብቃል» አሏት።

«እስከዚያ እኔ ልስጠም?»

«ይህን የሠሩት ምሁራን ናቸው!» ብለው ተቆጡ። «አንድ የጎደለ ነገር ካሳየሽኝ ጠጋኞቹን አሁኑኑ እልካለሁ። ካልሆነ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

ሴትየዋ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አየችውና፣ «ሥዕሉስ ያምራል ጌታዬ» አለች። «ግን ውሃው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ወንበር አልተሣለለትም።»

አቶ ዘርጋው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስልክ አንስተው ጠጋኞቹን ጠሩ።